በአክስቴ መስኮት የደረደርኩት ማርማላዳ

ሶቶ ዳ ሲልቬይራ፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1983

ለተወደድሽው እህት ዓለም ዙልሚራ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺንም ባለቤትሽን አርማንዶንም በሙሉ ጤና ያግኝልኝ። እኛ ለእመቤታችን ምስጋና ይግባትና ደኅና ነን። የወይን ለቀማው ተጀምሯል፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ አፌ ግን እንደምታውቂው አንዳች አልሆነም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ከደስታዬ ብዛት ነው። ስሚኝማ! በአጥቢያው ጽሕፈት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የልደትና የሞት ወረቀት ስመታ ኖሬ፣ ዘንድሮ አንድ ቁም ነገር ተሰጠኝ። ሊቀ መንበራችን ሴኞር አቢሊዮ ባለፈው ማክሰኞ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ ገባና፣

"ዴኦሊንዳ፣ በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ የማርሜሎ ፍሬ በዓል እናደርጋለን። አደባባዩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ይቆማል። ማርማላዳ የሚለው ቃል ከኛ አፍ ወጥቶ ዓለምን እንደዞረ ጻፊበት" አለኝ።

"ሴኞር አቢሊዮ፣ ከኛ ሲሉ ከፖርቱጋል ነው ወይስ ከሶቶ?"

"ለሊዝበን ሰው ከፖርቱጋል። ለጎረቤት መንደር ግን ከሶቶ በይ።"

ሳቄን መቼም መያዝ አልችልም፤ ሳቅሁበት። ሌሊቱን ግን ሳስበው አደርኩ። እኛ ማርሜሎውን ዛፉ ላይ ፀጉራም ሆኖ፣ ጥሬውን ሲነክሱት ምላስ የሚያስር ሆኖ እናውቀዋለን፤ ከስኳር ጋር ቀቅለን፣ በሳህን አድርገን፣ መስኮት ላይ አድርቀን፣ እንደ አይብ በቢላዋ ቆርጠን እንበላዋለን። ማርማላዳ ማለት ይኸው ነው። ሌላው ሕዝብ ግን ቃሉን ወስዶ ምን አደረገበት? ያንን የሚነግረኝ ካንቺ በላይ ማን አለ? አንቺ ያለሽበት ሉክሰምበርግ በአንድ ደረጃ ላይ አምስት ቋንቋ የሚወጣበትና የሚወርድበት አገር ነው። እባክሽን ጎረቤቶችሽን ጠይቂልኝ። ጀርመኑ ምን ይለዋል? ፈረንሳዩስ? አንዱንም አታስቀሪ፤ ሰሌዳው ሰፊ ነው።

እናትሽ፣ አክስት ፔርፔቱዋ፣ ደኅና ናት። ጉልበቷ እንደነበረ ነው፤ እስከ ካፌው ስልክ መውረድ አልቻለችም። ሰላም ትልሻለች።

እመቤታችን በምሕረቷ ትጋርድሽ።

ያንቺው ዴኦሊንዳ

* * *

ኤሽ፣ ሉክሰምበርግ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1983

ለእህቴ ለዴኦሊንዳ፣

እግዚአብሔር ጤናሽን ይስጥሽ፣ ምላስሽንም ያርዝመው። እኛ ደኅና ነን። አርማንዶ ጀርባውን በቀዶ ሕክምና ከተሠራ ወዲህ ቀና ብሎ መሄድ ጀምሯል፤ እንደ ጳጳስ ቀስ እያለ ነው እንጂ።

ከሁሉ በፊት እናቴ እንዴት ናት? ዴኦሊንዳ፣ ስለ ሴኞር አቢሊዮ ገጽ ሙሉ ጽፈሽ ስለ እናቴ ሁለት መስመር ነው የጻፍሽልኝ። ትበላለች? ዶሮዎቹን ራሷ ነው የምታስገባቸው? ጉልበቷ ስንት ወር ነው እንዲህ የሚይዛት? ከሶቶ ሌላ ሰው እዚህ ቢኖር ባንቺ ላይ እንዲህ ባልጮህኩ ነበር፤ ካንቺ በቀር ዓይን የለኝም።

አሁን ወዳዘዝሽኝ ልመለስ። ማዕድ ቤቴ ውስጥ አንድ ቃል ጣል አድርጌ ሕንፃውን ሙሉ አጣላሁልሽ። ታች ያለችው የቤቱ ባለቤት ማዳም ኪፈር ናት፤ የአገሩ ተወላጅ። "የኛ ቃል ገቤስ ነው፣ ማርማላዳ የምትሉት የጀርመኖች ነገር ነው፤ እነሱ ዳቦ ላይ ለሚቀባ ፍሬ ሁሉ ይሉታል" አለችኝ። ከላይ ሆኖ የሰማት ፈረንሳዩ ሙሲዩ ዱሪዬ ወረደ። በእሱ ቋንቋ ማርማላዳ ማለት በስሎ በስሎ የላሸቀ ፍሬ ነው። "የወንድሜ ልጅ ቦክሰኛ ነው፤ ባለፈው ሳምንት አፍንጫውን ማርማላዳ አድርገውት መጣ" አለ፣ እንደ ጥሩ ዜና። ይኼኔ ከባሪ የመጣችው ጣሊያን ሲኞራ ኢማኮላታ በሯን ከፍታ፣ "ማርማላታ! በለስም፣ ኮክም፣ እንጆሪም ማርማላታ ነው! ፈረንሳይ ስለ ምግብ ምን ያውቃል?" አለች። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልጽፍልሽም፤ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም።

የባሰችው ግን እንግሊዟ ናት። በማጸዳው ትምህርት ቤት የምታስተምር ሚስ ሃርግሪቭ የምትባል አለች። ለእሷ ማርማላዳ ከመራራ ብርቱካን ከነልጣጩ የሚሠራ፣ ጠዋት በተጠበሰ ዳቦ የሚበላ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሐሰት ነው። እንዲያውም የአውሮፓ አገሮች ተሰብስበው ሕግ አውጥተዋል፣ ከብርቱካንና ከሎሚ ወገን ፍሬ ካልተሠራ ለሽያጭ ማርማላዳ ተብሎ አይጻፍበትም አለችኝ። "የናንተ ማርማላዳ ማርማላዳ አይደለም" ብላ ደመደመች። እኔም መጥረጊያዬን ይዤ፣ "ሚስ፣ ልጅ አባቱን 'አንተ አባቴ አይደለህም' ሲል ዛሬ ገና ሰማሁ" አልኳት። ይህን ለሴኞር አቢሊዮ ንገሪው።

እህት ዓለም፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እናቴ ዘንድሮ ማርሜሎ ትቀቅላለች? ከቀቀለች አንድ ሳህን በሴኞር ቪርዢሊዮ አውቶብስ ላኪልኝ። የሷን ነው የምልሽ። ሳህኑን ከምትሸፍንበት ወረቀት ሥር ያኖረቻቸውን ሁለት የጥብስ ቅጠል ዘንጎች፣ የሆሳዕና ዕለት የተባረኩትን፣ በመስቀል ቅርጽ ተኝተው ካየሁ መቆሟን አውቃለሁ፣ ልቤም ያርፋል። ካልቻለች ግን ሳታባብዪ ንገሪኝ። ለገና ሁለት ሳምንት ፈቃድ አለኝ፤ አርማንዶን ለኢማኮላታ አደራ ብዬ እመጣለሁ።

በእናቴ እጅ ፋንታ ያንቺን እጅ ስሜያለሁ።

ዙልሚራ

* * *

ሶቶ ዳ ሲልቬይራ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 1983

ለውዷ ለዙልሚራ፣

ቅዱስ ማርቲን ደመናውን ገልጦ ፀሐይ እንደሰጠን ላንቺም እዚያ ጭጋግ ውስጥ ጥቂት ይላክልሽ። አርማንዶ ቀና ማለቱን ሰምቼ ደስ አለኝ።

የበዓሉን ነገር ልንገርሽ! ሰሌዳው የበረት በር ያህላል። ከላይ "ማርሜሎ" ብዬ በትልቁ አስጽፌ፣ ከሥሩ አምስት ቅርንጫፍ አወጣሁለት፤ በየቅርንጫፉ ጫፍ ያንቺን ጎረቤቶች ሰቀልኳቸው። የቦክሰኛውን አፍንጫ ግን ሴኞር አቢሊዮ፣ "ሴቶች ያሉበት አደባባይ ነው" ብሎ አስጠፋኝ። የእንግሊዟን ሕግ ስነግረው ደግሞ ፊቱ ወይን ጠጅ መሰለ። "ወደ አውሮፓ የጋራ ገበያ ስንገባ ስማችንን ሊቀይሩልን ነዋ! እኔን አቢሊዮን ምን ሊሉኝ ነው? ብርቱካን?" እያለ በካፌው እየዞረ ሲሳደብ ሰነበተ።

ከዚያ የማርማላዳው ውድድር መጣ። ዳኞቹ ከከተማ ናቸው ተባለ፤ ማታ ማታ ግን እራት የበሉት በሴኞር አቢሊዮ ቤት ነው። አንደኛ ማን ወጣች? የሴኞር አቢሊዮ ሚስት ዶና ኦዴት! ወዲያው ከኋላ ጎረምሶቹ "ማርማላዳ! ማርማላዳ!" እያሉ ማፏጨት ጀመሩ። ያው እንደምታውቂው እኛ ዘንድ ተመሳጥረው የጨረሱት ግጥሚያም ማርማላዳ ነው። ዶና ኦዴት ያመሰገኗት መስሏት እጇን እያውለበለበች ከሩቅ ሳመቻቸው። ሰሌዳው ላይ ያልጻፍኩት ትርጉም እሱ ብቻ ነበር፣ ጎረምሶቹ ሞሉልኝ። ሳቄ አፍኖ ሊገድለኝ ነበር።

ሳህኑን በሴኞር ቪርዢሊዮ እጅ ልኬዋለሁ። በአሮጌ ሹራብ ጠቅልዬዋለሁና ሹራቡን መልሺልኝ። ሰማያዊ ጠርዝ ያለው የአክስት ፔርፔቱዋ ሳህን ነው። የጥብስ ቅጠሉም አለበት። መስኮቷም በወጉ ሞልቷል፤ ዘጠኝ ሳህን ነው የተደረደረው። የሶቶን ምላስ ታውቂዋለሽ፣ በኦክቶበር መስኮቱ ላይ ሳህን ያልታየበት ቤት እንደተዘጋ ይቆጠራል። የእናትሽ ቤት ግን ያው እንደ ወትሮው ነው።

ስለ ገናው አንቺ እንደሚመችሽ አድርጊ። መንገዱ በረዶ ነው ይባላል።

እመቤታችን ትጠብቅሽ። ሥራ ስላለብኝ ነው ያሳጠርኩት።

ዴኦሊንዳ

* * *

ኤሽ፣ ዲሴምበር 11 ቀን 1983

ለእህቴ፣ ለዓይኔ፣ ለዴኦሊንዳ፣

ልጅ ባትወልጂም የልጅ ልጅ ያህል ደስታ እግዚአብሔር ይክፈልሽ! ሳህኑ ደረሰ። ወረቀቱን ስገልጠው የጥብስ ቅጠሉ መስቀል ተኝቶ አየሁና ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አርማንዶ የሞተ ሰው ያለ መስሎት በካልሲ ሮጦ መጣ፤ ከተሠራ ወዲህ ሲሮጥ ያየሁት ያኔ ነው።

የእናቴ እጅ ነው ዴኦሊንዳ። ከቅርፊቱ ጥቂት ትተዋለች፣ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ባገኘው አልስተውም። በቀጭኑ እየቆረጥኩ ለሕንፃው ሁሉ አዳረስኩ። ማዳም ኪፈር ከአይብ ጋር በልታ፣ "ይህን ገቤስ አልለውም፣ ስም የለኝም" አለች። ሙሲዩ ዱሪዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ማርማላዳ የሚለው ቃል የመጣው ንግሥት ማሪያ ስትታመም ከተሠራላት ብርቱካን ነው፣ ማሪ ማላድ፣ ማሪያ ታመመች ማለት ነው" ብሎ ቁልቁል አየን። ኢማኮላታ፣ "የታመመው አንተ ነህ! ይህች ሴት ፍሬውን ከነስሙ አምጥታልሃለች፣ አንተ ንግሥት ትፈልጋለህ" አለችው። ለሚስ ሃርግሪቭም ቁራጭ ወሰድኩላት። በልታ ከንፈሯን በመሐረብ ጠረገች። ከዚያ "ይህ ሽማግሌው ነው፣ የኛው ልጅየው ነው" አለች። እንግሊዝ ሲሸነፍ ይህን ያህል ነው የሚናገረው።

አሁን ሌላም ምሥራች። ትምህርት ቤቱ ከመጥረጊያ ወደ ወጥ ቤት ሊያሳድገኝ ነው፤ በገና ሁለት ሳምንት ሥልጠና መውሰድ አለብኝ። ሳህኑን ባላይ ኖሮ እምቢ ብዬ ወደ እናቴ እመጣ ነበር። አሁን ግን ማርሜሎ ልጣ፣ አማስላ፣ ዘጠኝ ሳህን የደረደረች ሴት እስከ ኦገስት አንድ ነገር አትሆንም ብዬ ተቀበልኩ። ኦገስትን ሙሉ እቀመጣለሁ፣ እንደ ድሮው አንድ አልጋ ላይ አቅፌያት እተኛለሁ። ይህን ንገሪልኝ። ቃል በቃል ንገሪልኝ።

ፈጣሪ ስላደረግሽልን ነገር ይክፈልሽ። አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?

ዙልሚራሽ

* * *

ሶቶ ዳ ሲልቬይራ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1984

ለዙልሚራ፣

ጤናሽን እግዚአብሔር ይጠብቀው። ደብዳቤሽ ከገና በፊት ደርሶኛል። የዘገየሁት ስጀምር ስቀድ፣ ስጀምር ስቀድ ነው።

ቄሳችንን ፓድሬ ኢናሲዮን ስለ ቃሉ ጠይቄያቸው ነበር። እንዲህ አሉኝ፣ "ማርሜሎ የኛ አይደለም፣ ከላቲን የመጣ ነው፤ ላቲንም ከግሪክ ወሰደው፤ ግሪኮቹ የማር ፖም ማለታቸው ነበር። ለአቢሊዮ እንዳትነግሪው፣ ልቡ ደካማ ነው።" በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሳምንት ሙሉ እየሳቅሁ አውርቼ አልጠግበውም ነበር። ዛሬ የጻፍኩልሽ የሚቀጥለውን ለማዘግየት ነው። እንዲህ ሳዘገይ ነው ዓመት ያለፈው።

ያንን ማርማላዳ የሠራሁት እኔ ነኝ።

የጥብስ ቅጠሉን በመስቀል ያስተኛሁትም፣ ከቅርፊቱ ጥቂት የተውኩትም እኔ ነኝ፤ እንደምታውቂው አውቄ ነበር። መስኮቱ ላይ ያሉት ዘጠኝ ሳህኖች የኔ ናቸው። በቤቱ ውስጥ ማንም የለም። እናትሽ ካለፈው ሜይ ጀምሮ ከተማ፣ መነኮሳቱ በሚያስተዳድሩት የአረጋውያን ቤት ናት።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት በፌብሩዋሪ ከወንዙ ዳር አገኘኋት፤ ክረምት ነው፣ ዛፉ ባዶ ነው፣ እሷ ግን የሌለ ማርሜሎ ታጥባለች። እጇ ሰማያዊ ሆኗል። "አክስቴ ምን ታደርጊያለሽ?" ብላት፣ "ዝም ብለሽ ቅርጫቱን ያዢ" አለችኝ። በሳምንቱ ጫማዋን ድስት ውስጥ ከታ እሳት ላይ ጣደችው። ማርች ላይ እኔ ቤት አመጣኋት። አንቺን ስንሸኝ አውቶብሱ ጋ ቆመን "እኔ እያለሁ አክስት ፔርፔቱዋ የሰው ደጅ አታይም" ብዬሽ የለ? በሶቶ ፊት ነው ያልኩት፣ ሁሉም ሰምቷል።

ኤፕሪል ላይ የምክር ቤቱ ስብሰባ ነበረ፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ጎረቤት መጥራት አፈርኩ። ዴኦሊንዳ አልቻለችም እንዲሉ አልፈለግሁም። እናትሽን ክፍል አስገብቼ በሩን ቆለፍኩባት። ሦስት ሰዓት። ስመለስ በሩ ሥር ተቀምጣለች፣ ጥፍሮቿ ተሰባብረዋል። ቀና ብላ አየችኝና በጨዋ ደንብ፣ "እመቤቴ፣ የቤቱ ባለቤት መቼ ትመጣለች? ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም፣ ይቅር ትበለኝ" አለችኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ ቆለፍኩባት ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ የቀደድኩት አንዱ ደብዳቤ እንደዚያ ይላል። አምስት ጊዜ ነው ዙልሚራ።

ከዚያ በኋላ ነው ከተማ የወሰድኳት፤ ከኔ እጅ እንድትድን። መነኮሳቱ ደግ ናቸው፣ በር አይቆለፍም፣ አጥር ያለው አትክልት ቦታ አለ። ቶሎ ብነግርሽ ምን ነበረበት? ዛሬ እነግራታለሁ ስል ያንቺ ደብዳቤ ይመጣል፣ "አንቺ ባትኖሪ" ይላል፤ ምላሴ ይታሰራል። ይህ እንደ ጎርፍ የሚወርድ ምላሴ! ከዚያ የማርሜሎ ጊዜ መጣ። መስኮቷ ባዶ ሆኖ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሲያልፍ አላስቻለኝም። ከቤቴ ሳህን እየተሸከምኩ፣ በጓሮ እየገባሁ ደረደርኩ።

መንደሩ ደግሞ ያውቃል። ያቃጠለኝ እሱ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም አብሮኝ ይዋሻል። ሽማግሌው ሴኞር ኤርሜኔዢልዶ በዚያ ሲያልፍ ባርኔጣውን አንስቶ ባዶውን ቤት፣ "ደኅና ዋልሽ ፔርፔቱዋ፣ ዘንድሮ ቀይ ሆኖልሻል!" ይለዋል። እኔ ላለማፈር፣ እሱ እኔን ላለማሳፈር። ከመስኮቱ ኋላ አጎንብሼ የሰማሁበት ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በየሐሙሱ እሄዳለሁ። ቃላት እየጣሏት ነው፤ የነገር ስም አንዱ አልቀረም ማለት ይቻላል። የቀረው ምን እንደሆነ ብነግርሽ ለሰሌዳው ስል ያመጣሁት ይመስልሻል። ማርማላዳ ነው። በሙቅ ውሃ ሲያጥቧት "ማርማላዳ" ትላለች። ትራሱ ሲለሰልስላት፣ ፀሐይ አልጋዋ ላይ ስትወጣ፣ ወጣቷ መነኩሲት እግሯን ስታሽላት "ማርማላዳ" ትላለች። እኔ ስገባ ግን አንድም ቀን እንዲያ ብላ አታውቅም። ሰዎቹ ጠዋት በትንሽ ዕቃ የታሸገ የብርቱካን ነገር ይሰጧታል፤ እሱን ግን ቀምሳ ትገፋዋለች።

ሌላ ያልረሳችው ስምሽን ነው። "ዙልሚራ ጻፈች ወይ?" ትለኛለች። የገናውን መልእክትሽን ቃል በቃል ነገርኳት፤ አንድ አልጋ ላይ እንደምትተኙ። "መቼ?" አለችኝ። "ኦገስት" አልኳት። ኦገስት ምን እንደሆነ አላወቀችውም። ሐኪሙ በየወሩ እየባሰባት ነው ይላል። እስከ ኦገስት በሕይወት ትኖራለች። ስምሽን ይዛ መቆየቷን ግን አላውቅም። ገናን የቀማሁሽ እኔ ነኝ፤ በአንድ ሳህን። አሁን ነይ ብዬ ለማዘዝ ፊት የለኝም። ግን ነይ።

አትባርኪኝ፣ አታመስግኚኝ። ስትጽፊ በስሜ ብቻ ጥሪኝ።

ዴኦሊንዳ

* * *

ሶቶ ዳ ሲልቬይራ፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1984

ዙልሚራ፣

አራት ሳምንት ሆነ። ሴኞር ቪርዢሊዮን መንገድ ላይ ጠብቄ፣ "ከኤሽ የሚሰጠኝ አለ?" ብለው፣ "ባዶ እጄን ነኝ ሴኞራ" ብሎ ዓይኑን ከኔ ላይ አነሳ። ነግረሽው ይሁን አላውቅም። ቢያውቅም ይገባኛል።

ሳህኖቹን ከመስኮቱ አነሳሁ። በጠራራ ፀሐይ ነው ያነሳኋቸው፣ በፊት በር። ሴኞር ኤርሜኔዢልዶ ቆሞ አየኝና ሁለቱን እስከ ቤቴ ድረስ ተሸከመልኝ።

እናትሽ ሐሙስ ዕለት እንቅልፍ ይዟት ነበር። እየሰደብሽኝም ቢሆን ጻፊልኝ።

ዴኦሊንዳ

* * *

ከተማ፣ ከአረጋውያኑ ቤት፣ ማርች 7 ቀን 1984

ዴኦሊንዳ፣

የቴምብሩን ማኅተም አይተሽ ደንግጠሽ ይሆናል። ካንቺ የአሥራ አራት ኪሎ ሜትር መንገድ ነው ያለሁት። ሰኞ ጠዋት ነው የገባሁት። አውቶብሱ በሶቶ መታጠፊያ ሲያልፍ ማንም እንዳያየኝ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ብዬ የናቴን መስኮት ብቻ አየሁ። ባዶ ነበር።

ልጮህብሽ ነበር የመጣሁት። እናቴን አይቼ ስጨርስ ደጅሽ ላይ ቆሜ ሶቶ ሁሉ እስኪሰማ ልጮህ። የቁልፉን ነገር ይቅር አላልኩሽም፤ አልዋሽሽም። አምስት ብለሽ መጻፍሽን ግን አንብቤዋለሁ።

ሰኞ ስገባ እናቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ነበር። እንዴት አነሰች! አየችኝና፣ "ዴኦሊንዳ፣ ዘገየሽ" አለችኝ።

"እማዬ፣ እኔ ዙልሚራ ነኝ" አልኳት።

ሳቀች። ደግሜ አልኳት። ይኼኔ ፈራች። ፊቴን ትክ ብላ አየችና፣ "ዙልሚራ ወጣት ናት። ዙልሚራን ምን አደረጋችሁብኝ?" ብላ ማልቀስ ጀመረች። መነኩሲቷ መጥታ እስክታረጋጋት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ልጇ ነኝ ብዬ እናቴን አስለቀስኩ።

ትናንት ስገባ ያው፣ "ዴኦሊንዳ፣ ነይ" አለችኝ። መጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ዙልሚራ ጻፈች ወይ?"

"ጽፋለች፣ አክስቴ" አልኳት።

"ምን አለች?"

"ደኅና ነኝ አለች። ናፍቀሽኛል አለች።"

"መቼ ትመጣለች?"

"እሑድ።"

የወለደችኝን አክስቴ አልኳት፣ ዴኦሊንዳ። ከአፌ ሲወጣ ምንም አላቃተኝም። ፊቷ በራ፤ ለመነኩሲቷ፣ "የኔ ልጅ እሑድ ትመጣለች" ብላ ነገረቻት። እኔ እዚያው ተቀምጬ፣ ዛሬም ተቀምጬ፣ ዙልሚራ ጎበዝ ናት፣ ወደ ወጥ ቤት ሥራ አደገች እያልኩ ስለ ራሴ ሳወራላት ዋልኩ። ስለ አንቺም ጠየቅኋት፤ በአንቺ አፍ ስለ አንቺ። "ዴኦሊንዳ ጥሩ ልጅ ናት?" አልኳት። "ብዙ ታወራለች" አለችኝና እጄን ያዘች።

እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሌላ ለማን እነግራለሁ? ለሥልጠናው የፈረምኩት ሳህኑ ከመድረሱ ሳምንት በፊት ነው። ሳህኑን አይቼ ቀረሁ ያልኩሽ ሐሰት ነው። ቀድሜ ቀርቻለሁ፤ ሳህኑ ሲመጣ የናቴ እጅ ነው ብዬ አጥብቄ ያመንኩት ስለሚመቸኝ ነው። የመጀመሪያው ቁራጭ አፌ ውስጥ እንደገባ ስኳሩ እንደበዛ አውቄያለሁ። እናቴ ስኳር ትቆጥባለች። አንቺ አትቆጥቢም። አውቄ ዋጥኩት፤ ዓይኔን ጨፍኜም ባገኘው አልስተውም ብዬ ጻፍኩልሽ። ከዚያ በኋላ ባንቺ ላይ ለመጮህ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መጣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነይ። እኔ ከታች በሩ ጋ እቆማለሁ። ሰላም እንድትዪኝ አልፈልግም፣ እኔም ምን እንደምልሽ አላውቅም። አብረን ደረጃውን እንወጣና አብረን እንገባለን። ዙልሚራ ትመጣለች ብያታለሁ፣ በሩን ስታይ ትውላለች። ከሁለታችን አንዷን ዙልሚራ ብላ ከጠራች፣ የተጠራችው አቤት ትበል።

ዙልሚራ